ልጁ፣ ራካዙና ዋጋ ውስጥ የማይገባው ችሎታ



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ገና «ጨዋታ» ስንል ግማሻችሁ ፊታችሁን እንደምታዞሩ እናውቃለን። አንፈርድባችሁም። ቤታችሁ ስንመጣ ከቡናው በፊት የምንሰማው ይኼንኑ ነው፤ «ዓይኑን ከስክሪኑ አይነቅልም፣ ሌሊት አይተኛም፣ ጠዋት ለቢት ሴፈር አይነሣም»። እኛም ልጆች አሉን፣ የምትሉትን እናውቀዋለን። ቢሆንም ይችን እስከ መጨረሻ አንብቡልን።

ነገሩ የሆነው በደቡብ ካሉት ከተሞች በአንዱ ነው። አባትየውም ልጁም «ጻፉት፣ ስማችን ብቻ አይነሣ» ብለውናል፤ ስለዚህ ስም የለም። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን አባትየው በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው ሚስራድ መጡ። ልጁን በሂሳብ ወደ ታችኛው ሃቅባጻ ለማውረድ ቢት ሴፈሩ ስብሰባ ጠርቷል፣ ወላጅ ይገኝ ይላል። አባትየው ደብዳቤውን ሰምተው ሲጨርሱ ብዙም አልተገረሙም። «ምን ይደረግ፣ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ነገር ጋር ነው» አሉና ዝም አሉ። በነጋታው ሁለት ሆነን ቤታቸው ሄድን።

እኛ የጠበቅነው የተኩስ ጨዋታ ነበር። ልጁ ክፍል ስንገባ ግን ስክሪኑ ላይ ተኩስም ሩጫም የለም፤ ሥዕልም ያን ያህል የለም። የባንክ ወረቀት የመሰለ ሠንጠረዥ ነው፣ ስምና ቁጥር፣ ስምና ቁጥር። ከጎኑ ደግሞ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። «ምንድን ነው ይኼ?» አልነው። መጀመሪያ በአንድ ቃል መለሰልን። ሁለተኛ ስንጠይቀው ሁለት ሰዓት አወራ።

ጨዋታው «ባዘር ቢተር» ይባላል። የቅርጫት ኳስ ነው፣ ግን በጣት የሚጫወቱት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ክለብ ይይዛል፣ እንደ ሥራ አስኪያጅ። ተጫዋቾቹን ኮምፒዩተሩ ነው የሚፈጥራቸው፤ በእውን የሉም። ባለ ክለቡ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ያሠለጥናል፣ ማን እንደሚሰለፍ ይወስናል። ከዚያ ግጥሚያው በሰዓቱ ራሱን በራሱ ይጫወትና ውጤቱ በጽሑፍ ይወጣል፤ ማን ወረወረ፣ ማን ሳተ፣ ማን ኳስ አስነጠቀ። ገንዘብ ሳይከፍሉም ይጫወቱታል። (ይኼን የምንላችሁ ሌሎች ጨዋታዎች የናንተን የባንክ ካርድ እንደሚበሉ ስለምናውቅ ነው።)

ለማታውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ከአንድ ወገን አምስት ሰው ይቆማል። ረጃጅሞቹ ከቅርጫቱ ሥር ይጋፋሉ። ከውጭ ሆነው ኳስ የሚያመጡት ጋርዶች ይባላሉ። ከነሱ ውስጥ ጨዋታውን የሚመራው እዚህ አገር ራካዝ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቡድኑ አጭሩ እሱ ነው።

በዚያ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አሥር ዋና ዋና ችሎታ ተቆጥሮለታል፤ ከነዚያ ሌላ ትንፋሽና የቅጣት ውርወራ አለ። ከአሥሩ ስድስቱ የጋርድ ናቸው፤ ዘሎ መወርወር፣ ከሩቅ መወርወር፣ የውጭ መከላከል፣ ኳስ አያያዝ፣ ሰው አልፎ ወደ ውስጥ መግባት፣ ማቀበል። አራቱ ደግሞ የረጃጅሞቹ ናቸው፤ ከቅርጫቱ ሥር ማስገባት፣ ከሥር መከላከል፣ ተመላሽ ኳስ መልቀም (ሪባውንድ የሚሉት) እና የተወረወረ ኳስ መምታት። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ደካማ፣ 20 ከደረሰ ጉድ የሚያሰኝ ነው።

ሰው ሁሉ ጋርድ ሲገዛ ስድስቱን ያያል። አራቱን ማንም አያይም። ልጁም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር።

በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አፍስሶ አንድ ራካዝ ገዛ። ስድስቱ ቁጥሮች ከፍ ያሉ፣ ደመወዙ ከቡድኑ ሁሉ የበለጠ። አራቱ ግን 1 እና 2 ነበሩ። «ከፊት ስታዩት ንጉሥ ነው» አለን ልጁ በዕብራይስጥ፣ እየሳቀ። ግጥሚያ ሲጀመር ንጉሡ ሰው ያልፋል፣ እንደ ንፋስ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቅርጫቱ ሥር ይደርሳል፣ ይስታል። ደግሞ ያልፋል፣ ደግሞ ይስታል። ልጁ መጀመሪያ ዕድል ነው ብሎ ተወው። አምስት ግጥሚያ ሲሸነፍ ግን ደብተሩን አወጣ።

የጨዋታው ሠሪዎች ስሌቱ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ዘርዝረው አይናገሩም። የሚጫወቱት ሰዎች ውጤት እያነጻጸሩ ነው የሚደርሱበት። ልጁም ጽሑፉን መስመር በመስመር እያነበበ ጻፈ፤ ይኼ ከሩቅ የተወረወረ፣ ይኼ ሰው አልፎ ገብቶ የተወረወረ፣ ገባ፣ አልገባ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ገባው። ሰው ማለፍ አንድ ችሎታ ነው፤ ካለፉ በኋላ ማስገባት ሌላ ችሎታ ነው። ራካዙ በሩ ድረስ ይደርሳል፣ ቁልፍ የለውም።

መከላከሉም እንደዚያው ነው። የውጭ መከላከሉ ከፍ ያለ ጋርድ ከሩቅ የሚወረውረውን ሰው ያስቸግራል። ተጋጣሚው ግን ገፍቶ ከገባ፣ ከሥር መከላከሉ ባዶ የሆነ ጋርድ ቆሞ ከማየት አይሻልም። ሪባውንዱ ደግሞ የአምስቱ ድምር ነው። ሁለቱ ጋርዶች ምንም የማይለቅሙ ከሆነ ሦስቱ ለአምስት ይለቅማሉ ማለት ነው። የተወረወረ ኳስ መምታቱን ግን ልጁ ናቀው፤ «እሱስ ለጋርድ ባዶም ቢሆን ግድ የለኝም»።

ከዚያ የደመወዙ ነገር መጣ። እኛን ከወንበራችን ያስነሣን ይኼ ነው።

በዚያ ጨዋታ ደመወዝ በድርድር አይወሰንም፣ በስሌት ነው። ስሌቱ ተጫዋቹ የሚመደብበትን ቦታ ዋና ችሎታዎች ያያል። የጋርድ ስድስቱ ቁጥሮች ሲያድጉ ደመወዙ ይተኮሳል። አራቱ ቢያድጉ ግን ደመወዙ እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ ዋናዎቹ ትንሽ ዝቅ ያሉ፣ ከጎን ያሉት ግን 7 እና 8 የሆኑለት ጋርድ በርካሽ ይኖራል። ከንጉሡ ጋር ጎን ለጎን ሲሰለፍ ከሱ እኩል ይጫወታል፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል። ልጁ ንጉሡን ሸጦ እንደዚያ ያሉ ሁለት ገዛ፤ ገንዘብም ተረፈው።

አባትየው እስከዚህ ድረስ በር ላይ ቆመው ነበር። ልጁ ግማሹን በዕብራይስጥ ስለሚያወራ እኛ ወደ አማርኛ እየመለስንላቸው ነው። ደመወዙ ላይ ስንደርስ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ይኼማ የበሬ ገበያ ነው» አሉ።

«እንዴት አባባ?»

«በሬ ስትገዛ ገበያ ላይ የሚታየው ሻኛውና ጎኑ ነው። ዋጋውም በሱ ነው የሚቆረጠው። እርሻ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። ከጓደኛው እኩል ይረግጣል ወይ? ሞፈሩ ድንጋይ ሲነካ ይደነብራል ወይ? ዳገት ላይ ይተኛል ወይ? ይኼ ገበያ ላይ አይታይም፣ ዋጋም የለው። አባቴ ከሲታ በሬ ገዝተው ሲመጡ ሰው ይስቅባቸው ነበር። እርሻው ግን ከሁሉም ቀድሞ ያልቅ ነበር።»

ልጁ ሞፈር ምን እንደሆነ አያውቅም። አባትየው በእጃቸው አሳዩት፣ እኛ በዕብራይስጥ ጨመርንበት። ከዚያ ልጁ ያላሰብነውን ጠየቀ፤ «አባ፣ በሬውን ቤት ካመጣችሁት በኋላ ያን ማስተማር ይቻላል?» አባትየው ትንሽ አሰቡ። «ወይፈን ሆኖ ከተያዘ፣ አዎ። ካረጀ በኋላ ግን ትርፉ ድካም ነው።»

ልጁ ጮኸ። «በዲዩክ!» አለ፤ ልክ እንደዚያው ማለቱ ነው። በጨዋታውም ወጣት ተጫዋች በቶሎ ይማራል፣ ዕድሜው ሲገፋ ይዘገያል። ሥልጠናው ራሱ ግን አስቸጋሪ ነው። ሠልጣኙ ትምህርቱን በሙሉ እንዲያገኝ በሳምንቱ ውስጥ ሥልጠናው በተመደበበት ቦታ 48 ደቂቃ መጫወት አለበት። ጋርዱ ከሥር ማስገባት እንዲማር ከፈለግክ ከረጃጅሞቹ መሐል ታሰልፈዋለህ። አጭሩን ልጅ ከግንድ ግንድ ጋር ታጋፈዋለህ። አጭር ተጫዋች ደግሞ የረጃጅሞቹን ችሎታ የሚማረው በዝግታ ነው። ልጁ አንድ 18 ዓመት ወጣት ይዞ ሳምንት ከሳምንት እንደዚያ አሰለፈው። ተሸነፈ። ደግሞ ተሸነፈ።

«አውቀህ ነው የምትሸነፈው?» አሉ አባትየው።

«አባ፣ ካልተጫወተበት አይማረውም።»

ይኼን ሲል እኛ እርስ በርስ ተያየን።

አሁን ስለ ራሳችን ትንሽ እንበል። እኛ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ነን፤ ያኔ ልጆች ነበርን። ገና ዓመት ሳይሞላን ዕብራይስጡን ከወላጆቻችን ቀድመን ለመድነው። ያኔ ማን አስተርጓሚ ነበረ? እኛው ነበርን። አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላን ኩፓት ሖሊም ገብተን የእናታችንን ሕመም ለሐኪም እንነግራለን፣ የሐኪሙን መልስ ለእናታችን እናለዝባለን። ቢቱአሕ ሌኡሚ ወረፋ ይዘን ፎርም እንሞላለን። ከቢት ሴፈር «ልጃችሁ ይረብሻል» የሚለውን ደብዳቤ ሳይቀር እኛው ነን ያነበብነው። (እንዴት አድርገን እንዳነበብነው አትጠይቁን።) ከሥር እንደተሰለፈው አጭር ልጅ፣ ቦታችን ባልሆነው ቦታ ስንጋፋ ነበር። በዚያው ዓመት በአንድ የዕብራይስጥ ፈተና ታችኛው ክፍል ተመደብን። ሆስፒታል ቆመን የተረጎምነው ቁጥር ሆኖ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ዛሬ እንጀራችን የሆነው ግን እሱ ነው፤ በሁለት ሰው መካከል ቆሞ የአንዱን ለአንዱ ማሰማት።

ይኼ ልጅም ለእናቱ ይተረጉማል። የመብራት ሒሳብ የሚከፍለው እሱ ነው። ታናናሾቹን ከጋን የሚያመጣው እሱ ነው። ፋይሉ ውስጥ ግን ያየነው ሁለት መስመር ነው፤ የሂሳብ ውጤትና የቀረበት ቀን ብዛት።

ነገሩ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከእውነተኛው ሜዳም አንድ ሰው እንጥቀስ። አሜሪካዊው ራስል ዌስትብሩክ ራካዝ ነው፣ ቁመቱ 2 ሜትር አይሞላም። በ2016–17 ለኦክላሆማ ሲቲ ሲጫወት በአማካይ በየግጥሚያው 10.7 ሪባውንድ ለቀመ፤ የረጃጅሞቹን ሥራ ማለት ነው። የዚያን ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ማካቢ ቴል አቪቭን የምትከታተሉ ደግሞ ሊትዌኒያዊውን ሻሩናስ ያሲኬቪችዩስን ታስታውሱታላችሁ። በሩጫም በጉልበትም ሰው የሚያስፈራ አልነበረም። በ2004 እና በ2005 ማካቢ የአውሮፓን ዋንጫ ሲወስድ ግን ኳሷ በሱ እጅ ነበረች።

ከልጁ ጋር አንድ ነገር ላይ ተከራከርን፤ እኛም ሥራችን ነውና። «ታዲያ አራቱ ይኼን ያህል ከጠቀሙ ስድስቱን ለምን አትተዋቸውም?» አልነው። እንደ ሞኝ አየን። «ኳስ መያዝ የማይችል ራካዝ ከሥር ማስገባቱ ምን ያደርግለታል? እዚያ ሳይደርስ ያስነጥቃል። መጀመሪያ ስድስቱ ከሆነ ደረጃ መድረስ አለባቸው። ከዚያ በኋላ ነው አራቱ የሚለዩት።»

«ሂሳብስ?» አልነው።

«ሂሳብ ምን?»

«ከስድስቱ ነው ከአራቱ?»

ዝም አለ። አባትየው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኛም ከዚያ በላይ አልገፋንበትም፣ ቡናው ቀርቦ ነበር።

የእንቅልፉን ጉዳይ የፈቱት አባትየው ናቸው፣ እኛ አይደለንም። «ቆይ፣ ጨዋታው ራሱን በራሱ የሚጫወት ከሆነ አንተ ሌሊት ቁጭ ብለህ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። እውነትም ማታ አሰላለፉን አስገብቶ ቢተኛ ጠዋት ውጤቱ እዚያው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ 11 ሰዓት ሲሆን (በዚህ አገር አቆጣጠር ነው፣ በኛ አምስት ሰዓት ማታ) ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። ሁሌም ይጠፋል አንልም።

አንድ ቅር ያሰኛቸው ነገር ነበረ። ከሊጉ ግጥሚያዎች አንዱ ቅዳሜ ይውላል። «ሰንበት ላይ?» አሉ ደንግጠው። ልጁ አሰላለፉን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ አስገብቶ እንደሚዘጋ፣ ውጤቱን የሚያየው ሰንበት ከወጣ በኋላ እንደሆነ አስረዳቸው። «ተጫዋቾቹስ?» አሉ። «አባ፣ እነሱ እኮ የሉም።» አባትየው አሰቡ፣ አሰቡና «የሌለ ሰው ሰንበት ሻረ አይባልም መቼም» አሉ። ይኼን ጥያቄ ለቄሶቻችን እንተወዋለን።

ስብሰባው ቀን ደብተሩን ይዘን ሄድን። ልጁ አላስነካም ብሎ ነበር፣ አባትየው ናቸው ያግባቡት። ጠረጴዛው ዙሪያ ስድስት ሰው ተቀምጧል፣ ሁሉም ፋይሉን ከፍቷል። የልጁ ውጤት ተነበበ፣ የቀረበት ቀን ተነበበ። ተራው ሲደርሰን ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው። ከመምህራኑ አንዷ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። ከሩቅ፣ ከሥር፣ ሰው አልፎ፣ በየረድፉ ተለይቶ አማካይ ወጥቶለታል። «አንዱ 20 ደቂቃ፣ ሌላው 40 ደቂቃ ቢጫወት እንዴት ታነጻጽራቸዋለህ?» አለችው። «ሁለቱንም ወደ 48 ደቂቃ አመጣቸዋለሁ» አለና እስክሪብቶ ጠየቃት፣ እዚያው ሠራላት። ክፍሉ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ የሚሰማው የእስክሪብቶው ድምፅ ብቻ ነበር።

ተአምር ሆነ ብለን አንዋሻችሁም። ውሳኔው ለሦስት ወር ተራዘመ፣ በዚያ ጊዜ ማትናስ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን የሂሳብ እርዳታ ያገኛል ተባለ። እሱም እየሄደ ነው፣ አልፎ አልፎ ቢቀርም። ባለፈው ፈተና 61 አምጥቷል። ይኼ ገና ከስድስቱ ደረጃ አልደረሰም፤ እሱም ያውቀዋል። የሚቀጥለው ስብሰባ ከፋሲካ በፊት ነው። ምን እንደሚወሰን እኛም አናውቅም።

አባትየውን ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አገኘናቸው። ስለ ስብሰባው ልንነግራቸው ስንል እሳቸው ቀደሙን። ያ አጭሩ ወጣት ከረጃጅሞቹ መሐል ወጥቶ ራካዝ ሆኗል፣ ሁለት ግጥሚያ አከታትለው አሸንፈዋል አሉን። አሁን ቅዳሜ ማታ ሰንበት እንደወጣ ልጁ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት እሳቸውም ከጎኑ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። ዕብራይስጡን ማንበብ አይችሉም፤ ቁጥሩን ግን ለይተዋል። «ስንት ነጥብ አገባ?» ብለው አይጠይቁም አለን ልጁ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው «ከሥር ያስገባው የቱ ነው?» ነው የሚሉት።